ሁለተኛው አምፕሊፋየር

የድምፅ መሣሪያ ሱቃችን ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው። የእኔ ሥራ ጥገናና ገጠማ እንጂ ሽያጭ አይደለም። የሚሸጠው ሌላ፣ ደንበኛው ቤት ሄዶ የሚገጥመው ሌላ። ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አራት ኪሎ አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ደንበኛ አሉን። ወለል ላይ የሚቆሙ ጥሩ ስፒከሮች አሏቸው፤ ከኋላ ሁለት ጥንድ መሰኪያ ያላቸው፣ የላይኛው ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ለቱዊተር፣ የታችኛው ቤዙን ለሚያወጣው ለውፈር። የሽያጩ ልጅ ይህን እንደሰማ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባይ-አምፕ ካልተደረገ ተበደለ፤ አንድ አምፕ ይጨምሩና ድምፁ እንዴት እንደሚከፈት ይስሙት» ብሎ ሸጠላቸው። ባይ-አምፕ ማለት አንዱን ስፒከር በሁለት አምፕ (አምፕሊፋየር)፣ አንዱ ለላይኛው ድምፅ አንዱ ለቤዝ፣ ማስኬድ ነው።

ስደርስ ገመዱን ራሳቸው ሰክተው ጠበቁኝ። በስልክ «ሰክቶ ማብራት ብቻ ነው» ተብለዋል። እግዜር ይመስገን፣ አላበሩትም። ጎንበስ ብዬ ከኋላ ሳይ፣ ሁለቱን ጥንድ የምታገናኘው ጠፍጣፋ ብረት አልተነሳችም። ወርቃማ ቅብ ያላት፣ የጣት ግማሽ የማታህል ነገር ናት። እሷ እያለች ሁለቱ አምፖች ቢበሩ የአንዱ መውጫ በቀጥታ ከሌላው መውጫ ጋር ይገናኛል። በመሀል የስፒከሩ 8 ኦም የለም፤ የሚያግድ ነገር የለም። የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ባይ-አምፕ የሚባል ነገር የሚጀምረው ያቺን ብረት በማንሳት ነው። ይህን ሳይናገሩ መሸጥ እስካሁን ያናድደኛል።

ብረቶቹን ፈታሁ። የድሮው አምፕ ለቤዝ፣ አዲሱ ለላይኛው ድምፅ ሆነና አበራነው። ጋሼ ገና ሲጀምር ፊታቸው በራ። «ሰማህ? ክራሩ ወጣ እኮ!» አሉኝ።

ክራሩ በእርግጥ ወጥቷል። ለምን እንደወጣ ግን ማወቅ ነበረብኝ። ከስልኬ 100 ኸርዝ ድምፅ ለቀቅሁና የሁለቱን አምፖች መውጫ በመልቲሜትር ለካሁ። የድሮው 2 ቮልት፣ አዲሱ 2.5 ቮልት። ይህ ወደ 2 ዴሲቤል የሚጠጋ ልዩነት ነው። ላይኛው ድምፅ ከቤዙ በልጦ እየጮኸ ነበር ማለት ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ «ጩኸት ጨመረ» አይልም፤ «ጠራ» ነው የሚለው። የኔም ጆሮ ያው ነው።

ከአዲሱ አምፕ ጀርባ ባለችው ጌይን (የድምፅ ኃይል) ማስተካከያ ቮልቱን እኩል አደረግሁት። ከዚያ ጋሼን ጀርባዎን ይስጡኝ አልኳቸው። አንዴ በአንድ አምፕ፣ አንዴ በሁለት፣ እያጠፋሁ እየቀያየርኩ ደጋግመን ሰማን። በየመሀሉ ብረቷን መመለስና መፍታት ስላለ ሥራው አድካሚ ነው። የትኛው እንደሆነ ሲገምቱ አንዴ ይመቱታል፣ አንዴ ይስቱታል። ዞር ብለው ዝም አሉ። ከዚያ፦

«ታዲያ ያ ልጅ ምኑን ነው የሸጠልኝ?»

«አምፑ ጥሩ አምፕ ነው ጋሼ። ስፒከሩ ውስጥ ያለው ክሮስኦቨር ግን አልተነሳም። ሁለት አምፕ ቢሰኩም ድምፁን ለቱዊተርና ለውፈር የሚከፋፍለው ያው እሱ ነው።»

«ጉልበትስ አልጨመረም?»

«የአምፑ ዋት እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮ እጥፍ ጮኸ የሚለው ወደ 10 ሲጠጋ ነው። ደግሞ ብዙውን ጉልበት የሚበላው ቤዝ ነው፤ ቤዙን የያዘው የድሮው አምፕዎ ነው። አዲሱ ብዙም አይሠራም።»

«እኔ እንደሆን ጎረቤት እንዳይቆጣኝ ከሩብ በላይ ከፍቼው አላውቅም» አሉ።

ምን ያህል ከፍተው እንደሚሰሙ ሱቅ ውስጥ የጠየቃቸው የለም። ክፍሉንም ያየላቸው የለም። ስፒከሮቹ ማዕዘን ውስጥ ተወሽቀዋል፤ አንደኛው ግማሹ ከሶፋው ጀርባ ነው። ወለሉ ራቁቱን ሴራሚክ፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ስፒከሮቹን ግማሽ ሜትር ያህል ወደፊት ሳብን፣ ፊታቸውን ወደ መቀመጫው አዞርን፣ ምንጣፉን ዘረጋን። ማዕዘን ቤዝን ያሳብጣል፣ ባዶ ሴራሚክ ደግሞ ላይኛውን ድምፅ ያንጫጫል። ጋሼ ሳልጠይቃቸው «ኧረ ዘፋኟ መሀል ላይ ቆመች!» አሉ። ለዚህ ጀርባ መስጠትም መልቲሜትርም አላስፈለገም።

ሱቅ ተመልሼ ስናገር ልጁ ተቆጣ። «ስቱዲዮ ውስጥ እኮ ሁሉም ባይ-አምፕ ነው» አለኝ። የስቱዲዮው እውነት ነው፤ አብዛኞቹ የስቱዲዮ ስፒከሮች እንደዚያ ናቸው። እዚያ ግን ድምፁ የሚከፋፈለው አምፕ ከመግባቱ በፊት ነው። እያንዳንዱ አምፕ የራሱን ድርሻ ብቻ ይቀበላል፣ በመሀል ሌላ ከፋፋይ ሳይኖርም ከቱዊተሩ ወይም ከውፈሩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የሂውለት ፓካርድ መሐንዲሶች የነበሩት ሊንክዊትዝና ራይሊ ስማቸውን የሰጡት ክሮስኦቨር፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የሊንክዊትዝ ጽሑፍ የወጣበት፣ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ያ ለውጥ ያመጣል፤ እኔም ዕድሉን ባገኝ እገጥመዋለሁ። ጋሼ የተሸጠላቸው ግን ያ አይደለም። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ በዚያኛው ዋጋ ይህኛው ይሸጣል።

«ሰውየው ደስ ብሎት ከገዛ አንተን ምን አገባህ?» አለኝ። ያገባኛል። ሲቃጠል የሚጠሩት እኔን ነው።

የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ተብሎ አምፑ እዚያው ቀረ። ጋሼም «ገንዘቤን አውጥቼበታለሁ፣ እንግዲህ ይሥራ» ብለው ሁለቱንም አምፕ እንደተሰኩ አቆዩአቸው። ብረቶቹ ስለተነሱና ቮልቱ እኩል ስለሆነ ጉዳት የለውም። ልጁ አሁን ሲሸጥ ስለ ብረቷ ይናገራል፤ ድምፁ ይከፈታል ማለቱን ግን አልተወም። በቀደም የጋሼ ጓደኛ ያንኑ አምፕ ሊገዛ ሱቅ መጣ። ክፍያ ሳይፈጽም ደርሼ ስፒከሮቹ ሳሎኑ ውስጥ የት እንደቆሙ ጠየቅሁት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ፤ ሁለቱም ቁምሳጥን ጎን ማዕዘን ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ወደፊት ሳባቸውና ሳምንት ስማቸው፣ ከዚያ ተመለስ አልኩት።