ልደቱ እስከ ሥራ ቀን

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! አደረሰን!

በዚህ ሰሞን ሁላችንም የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን እናነባለን። ዘንድሮ ልቤ የቀረው ቁጥር 20 ላይ ነው። እረኞቹ ሕፃኑን አዩ፣ የሰሙትን አወሩ፣ ከዚያ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ተመለሱ ይላል። ወዴት ይመለሳሉ? ወደ መንጋቸው ነዋ። የሰማይ ሠራዊት ሲያመሰግን የሰሙ ሰዎች ወደዚያው ሜዳ፣ ወደዚያው የሌሊት ጥበቃ ሄዱ። እረኝነታችሁን ተዉ ያላቸው የለም። ደግሞም የምሥራቹ የደረሳቸው ሥራ ላይ እያሉ ነው። በበዓሉ ዕለት ተረኛ የሆናችሁ፣ በሽተኛ የምታስታምሙ፣ ሌሊት የምትጠብቁ፣ መኪና የምትነዱ ወዳጆቼ፣ ይህን ለእናንተ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ስለ ጌታ ራሱም አስቡ። አገልግሎቱን ሲጀምር ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል እንደነበር ሉቃስ 3፥23 ይነግረናል። ከዚያ በፊት ያሉትን ዓመታት ወንጌላት በጥቂት መስመር ያልፏቸዋል። ለወላጆቹ ይታዘዝ ነበር። በጥበብና በቁመት ያድግ ነበር። ያደገበት ቦታ ሰዎች በማርቆስ 6፥3 "ጸራቢው" እያሉ ይጠሩታል፤ የሚያውቁት በእጁ ሥራ ነዋ። የእግዚአብሔር ልጅ በሥጋ ከኖረው ዕድሜ አብዛኛው በቤተሰብ፣ በጎረቤትና በሥራ መካከል አለፈ። እኛ "ተራ ኑሮ" የምንለውን እርሱ ኖሮታል።

ታዲያ ለምንድነው ወንጌልን ከዚህ ኑሮ ነጥለን የምናስቀምጠው? ብዙዎቻችን ወንጌልን የምናየው እንደ መግቢያ በር ነው። አመንን፣ ገባን፣ በሩን ከኋላችን ተውነው። ከዚያ በኋላ ለሥራው የሥራ ብልሃት፣ ለትዳሩ የትዳር ምክር፣ ለገንዘቡ የገንዘብ ምክር እንፈልጋለን። ወንጌሉ ለማያምኑት ይሰበካል፣ እኛ በሌላ ነገር እንኖራለን። ሐዋርያቱ ግን እንዲህ አላስተማሩም።

ገላትያ 2ን ተመልከቱ። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን፣ ማለትም አይሁድ ሳይሆኑ ካመኑት ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ከያዕቆብ ዘንድ አይሁድ የሆኑ አማኞች ሲመጡ ግን ፈራቸውና ራሱን ለየ። ሌሎቹም አይሁድ ተከተሉት። በርናባስ እንኳ ሳይቀር ተሳበ። እስቲ ልብ በሉ፣ ጴጥሮስ ትምህርቱን አልቀየረም። ክርስቶስ አልተነሣም አላለም። ያደረገው ከማዕድ መነሣት ብቻ ነው። ጳውሎስ ግን በሁሉ ፊት ተቃወመው። የተናገረውም ስለ ጨዋነት ወይም ስለ እንግዳ አቀባበል አልነበረም። እንደ ወንጌል እውነት አልሄዱም ነው ያለው። አይሁዳዊውም አሕዛቡም በክርስቶስ በማመን ብቻ ከጸደቁ፣ ማዕድ የሚለዩበት ምክንያት ከየት መጣ? በቃል ያልተካደው ወንጌል በምሳ ሰዓት ተካደ።

ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ። እኛስ? ብቻችንን ስንሆን የምንወዳጀውን ሰው፣ ሌሎች ሲመጡ የምንርቀው ለምንድነው? በቋንቋው ነው? በዘሩ ነው? በኪሱ ነው? እኔ በበኩሌ አንድ ጉባኤ ወንጌልን ምን ያህል እንደያዘ ማወቅ ብፈልግ፣ ስብከቱን ሰምቼ ብቻ አልፈርድም። አምልኮው ካለቀ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚቆም፣ ማንስ ብቻውን ወደ ቤቱ እንደሚሄድ አያለሁ።

በገንዘብም እንዲሁ ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን መዋጮ ሲያሰባስብ፣ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ትእዛዝ አልሰጥም ይላል። የስጦታ ታሪፍም አላወጣም። ያደረገው ልደቱን ማስታወስ ነው፤ ሀብታም የነበረው ጌታ ስለ እናንተ ድሀ ሆነ አላቸው። የግርግሙ ነገር ኪሳችን ድረስ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ደግሞ እዚያው ምዕራፍ ላይ ገንዘቡ በብዙ ሰው እጅ እንዲሄድ ያደርጋል፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ልግስናውም ሒሳቡም ከአንድ ወንጌል ወጡ። የሕዝብ ገንዘብ የያዛችሁ፣ የጸሎት ቤት ሙዳየ ምጽዋትም ቢሆን፣ ሒሳቡን በግልጽ ማሳየት መንፈሳዊ ሥራ መሆኑን ከዚህ ተማሩ።

ስለ ሥራ ብዙ አልልም። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ከተቀበለ በኋላ የሀብቴን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ የቀማሁትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ያልሠራነውን ሰዓት እንደሠራን ስናስሞላ፣ ያልወጣ ወጪ ደረሰኝ ስናቀርብ፣ የባልደረባችንን ድካም በስማችን ስናሳልፍ፣ ይህ ታሪክ ስለ እኛም ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ቤት ነው። ውጭ ሰው ጥሩ ጎናችንን ያያል። ቤት ያሉት ደግሞ ደክሞን ስንገባ፣ ተናደን ስንመልስ፣ ስልካችን ላይ አቀርቅረን "እህም" ስንል ያዩናል። ጳውሎስ በኤፌሶን 4 እና 5 ለዚህ ቤት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ምክንያቱ መስቀሉ ነው። እግዚአብሔር በክርስቶስ ይቅር እንዳላችሁ ይቅር ተባባሉ። ባሎች ሆይ፣ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደደ ሚስቶቻችሁን ውደዱ።

እዚህ ጋ ወንጌሉ የሚሠራውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁልጊዜ ትክክል መሆን ያለበት ሰው ይቅርታ መጠየቅ አይሆንለትም። ጥፋቱን ካመነ የሚቆምበት የለውማ። ጽድቁ ከክርስቶስ የሆነለት ሰው ግን "አጥፍቻለሁ" ብሎ መቆም ይችላል። ስሙን የሚጠብቅለት ሌላ አለ። አባት ልጁን ዝቅ ብሎ "ጮኼብሃለሁ፣ ልክ አይደለሁም፣ ይቅር በለኝ" ሲለው፣ ያ ልጅ ስለ ጸጋ ከብዙ ትምህርት የማያገኘውን ይማራል። ይህን ስል የሚደበድብሽን ታግሠሽ ኑሪ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ይቅርታ ራስንና ልጆችን ከጉዳት ማዳንን አይከለክልም። ወንጌልን ተገን አድርጎ ሴትን ዱላ ሥር እንድትቆይ የሚመክር ሰው ወንጌሉን አልተረዳውም።

ስልካችንንም አንርሳው። በዚያው አንደበት እግዚአብሔርን እንባርካለን፣ በእርሱ አምሳል የተፈጠረውን ሰው እንረግማለን ይላል ያዕቆብ 3። ጠዋት ጥቅስ ሼር ያደረገ ጣት ማታ ኮሜንት ሥር የማያውቀውን ሰው ይሳደባል። የማያምን ወዳጃችን ሁለቱንም ያነባል።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ "ሌላ ሸክም ጨመረብኝ" እንዳትሉ እሰጋለሁ። ትእዛዝ ልደረድርባችሁ አልመጣሁም። ቲቶ 2፥11-12 የሚያስተምረን ጸጋው ራሱ ነው ይላል። ክፉውን እንድንክድ፣ ራስን በመግዛትና በጽድቅ እንድንኖር የሚያሠለጥነን የተገለጠው ጸጋ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጉዳይ ስትሰናከሉ "ጠንክሬ እሞክራለሁ" ከማለታችሁ በፊት ወደዚያው ምሥራች ተመለሱ። ለእናንተ የተደረገውን እንደገና ስሙት። ጉልበቱ ከዚያ ይመጣል።

ለዚህ በዓል አንድ ልመና አለኝ። ማቴዎስ 5፥23-24 ላይ ጌታ፣ መባ ይዘህ ሳለ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ቅሬታ እንዳለው ትዝ ቢልህ መባህን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። ይህን ስታነቡ የአንድ ሰው ስም ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። ለብዙዎች የሚላከውን የበዓል ሜሴጅ ለእርሱ አትላኩለት። ደውሉለት። ካላነሣ ነገም ደውሉ።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ፣ ለእናንተም ለቤተሰባችሁም። እወዳችኋለሁ።