ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲነግረኝ ነበር

ቤት የገባሁት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። እጄ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩት፣ አልለቅ አለ። እንቅልፍም እንቢ ብሎኛል፤ ሳልረሳው ልጻፈው።

ሜክሲኮ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የሰርግ ካርድ እቆርጣለሁ። ያለችኝ ማሽን ትንሿ ባለ 40 ዋት የቻይና ሌዘር ናት። የምትሠራበት ስፋት 30 በ20 ሴንቲ ብቻ ነው፤ ለካርድ ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ የቁልፍ መያዣና የዋንጫ ጽሑፍ ስለቃቅም ከርሜ እንጀራዬ የሚጋገረው ጥር ሲቃረብ ነው። ጥር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የማያገባ ሰው ያለ አይመስልም።

ሰኞ ጠዋት የ300 ካርድ ሥራ ጀመርኩ። ዳር ዳሩ እንደ ጥበብ ቀሚስ ጥለት የተፈለፈለ፣ ዓይን የሚያደክም ነገር። 180ኛው ላይ ማሽኗ መሄዷን ሳታቆም መቁረጥ አቆመች። ጭንቅላቷ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ኩርባውን ይዞራል። ወረቀቱ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። አየር ላይ የምትጽፍ እብድ መሰለችኝ።

ጨረሩ የሚወጣበትን ቱቦ ክፍል ባጮልቅ ጨለማ ነው። ጨረሩን ራሱን መቼም ዓይን አያየውም፤ የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮሜትር ነው፣ ከዓይናችን አቅም በጣም የራቀ። የሚታየው ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ሲበራ የሚሰጠው ሮዝ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ብርሃን ነው። እሱ ጠፍቷል። ወደ ቱቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያሳየው የሚሊአምፔሩ መርፌም ዜሮ ላይ ተኝቷል።

የጎረቤቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ብቅ ብሎ «ቱቦው ሞቷል በቃ» አለ። ሳያይ። ልቤ ስንጥቅ አለ፤ ቱቦ ማለት ከውጭ እስኪመጣ ጥር አለቀ ማለት ነው።

ተስፋ ለመቁረጥ ጊዜ ስላልነበረኝ ከቀላሉ ጀመርኩ። መጀመሪያ ውሃው። ቱቦውን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ካልፈሰሰ እንዳትተኩስ የሚከለክል ሴንሰር አለ፣ አልጌ ሲይዘው ያብዳል። ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ በቴስተር ለካሁት፤ ደህና ነው። የክዳኑ ስዊችም ደህና ነው። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ኃይል የሚያቀብለው ሳጥን ላይ ያለችውን ትንሽ የቴስት ቁልፍ ተጫንኩ። ይቺ ቁልፍ ጥሩ ዳኛ ናት። ስትጫናት ሳጥኑ ማሽኗን የሚመራውን ቦርድ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በቀጥታ ይተኩሳል። ከተኮሰ ጥፋቱ ቦርዱ ወይም ሽቦው ጋ ነው። ካልተኮሰ ወይ ሳጥኑ ነው ወይ ቱቦው።

አልተኮሰም።

ግራ ያጋባኝ ሳጥኑ በሕይወት መኖሩ ነው። ፋኑ ይዞራል፣ አረንጓዴ መብራቷ በርታለች፣ 24 ቮልቱም 5 ቮልቱም ሙሉ ነው። ይህ ሳጥን ሁለት ሆድ አለው፤ አንዱ ለሞተሮቹና ለቦርዱ ትንሿን ቮልት ያቀብላል፣ ሌላው ለቱቦው እስከ 20 ሺህ ቮልት ድረስ ያወጣል። ትንሹ ሆድ ደህና ስለሆነ ብቻ ትልቁን ማመን አይቻልም። ለመለካት ደግሞ የእኔ ቴስተር ጣሪያው 600 ቮልት ነው።

«ካቻቢቴ አምጣ፣ ቀዩን ሽቦ ከብረቱ አስጠግተን ብልጭ ካለ ሳጥኑ ደህና ነው» አለ የፎቶ ኮፒው ልጅ። ሶኬቱን ነቀልኩት። እሱንም አስወጣሁት።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ናት «ታች ያሉት ጋሼስ?» ያለችኝ። ምድር ቤት ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። በየቀኑ ሰላም እላቸዋለሁ እንጂ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ። ማሽኗን አላዩዋትም። መጀመሪያ ያሉት «ያንን የጭስ ማስወጫ አጥፉት። ሬዲዮኑንም» ነው። ዝም ሲል «አሁን ተጫነው» አሉኝ።

ሲስስስ። ከሳጥኑ ውስጥ፣ ቀጭን፣ እርጥብ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ።

«ፍላይባክ!» አሉ ጋሼ። መንገድ ላይ የልጅነት ጓደኛውን ያገኘ ሰው ፊት።

በድሮው ባለ ጀርባ ቴሌቪዥን ውስጥ ቮልቱን ወደ 25 ሺህ ገደማ የሚያደርሰው እሱ ነው። የእኔ ሳጥን ውስጥም ያው ዘመዱ ተቀምጧል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠቅልሎ በሙጫ ተደፍኗል። መከለያው ከተሰነጠቀ ኃይሉ ቱቦው ድረስ መድከም ትቶ እዚያው ውስጥ ለውስጥ አቋራጭ ያገኛል። የሚጮኸው እሱ ነው። (ኋላ ስልኬ ላይ ሳገላብጥ፣ ኩማር ፓቴል ይህን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር አሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው በ1964 እ.ኤ.አ. መሆኑን አየሁ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም የጀመረው ያኔ ነው። እኩዮች ናቸው።)

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያደነዘዘኝ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጭስ ማስወጫው ሥር ስሰማው ነበር። «የማራገቢያው ኩሽኔታ አልቋል፣ ከጥር በኋላ እቀይረዋለሁ» ብዬ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። በዚያው ሁለት ሳምንት በአንድ ዙር ይቆረጥ የነበረው ወረቀት ሁለት ዙር ይፈልግ ጀምሮ ነበር። ሌንሱን አጸዳሁ፣ መስታወቶቹን አጸዳሁ። መስታወቱን ነክተሻል ብዬ ልጅቷ ላይ ጮህኩባት። ከ12 ሚሊአምፔር ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 18 አወጣሁት። የታመመውን ሰው ሸክም ጨመርኩበት ማለት ነው።

ጋሼ ሶኬቱ መነቀሉን ራሳቸው አይተው ሻይ አዘዙና ተቀመጡ። ሻዩ ሲያልቅ የረጅም ሽቦ አንድ ጫፍ ከማሽኗ ብረት፣ ሌላውን ጫፍ ከካቻቢቴያቸው ጋር አሰሩ። ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። መሳሳት የለም፣ ሆን ብለው ነው፤ ቢይዛቸው እንኳ ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል እንዳያልፍ። የካቻቢቴውን ጫፍ የቱቦው ሽቦ ላይ አስነኩ። ምንም የለም። ደገሙት። አሁንም ምንም። ሦስተኛ ደገሙት። «አንዴ ባዶ ነው ብዬ ነው ይሄን ጣቴን ያጣሁት» አሉኝ። ጣታቸው አለ፤ ብቻ አይታጠፍም።

ሳጥኑ ሲከፈት ጥቁሩ ሙጫ ጎኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለው። ዙሪያው እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሯል። ሽታውን አልረሳውም።

ትርፍ ፍለጋ ማክሰኞን በላው። ስንት ስልክ እንደደወልኩ አላስታውስም። በመጨረሻ ሳሪስ አንድ ልጅ ተገኘ፤ የእሱ ማሽን ቱቦው ተሰብሮ ሳጥኑ ደህና ነው። ሳጥኑን ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው መጣሁ። መሰኪያዎቹ ልክክ ብለው ይገባሉ። ደስ ብሎኝ ልሰካው ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። መሰኪያዎቹ ላይ የተጻፉት ፊደሎች ተራ አንድ አይደለም! የእኔ ላይ 24 ቮልት ያለበት ቦታ የእሱ ላይ 5 ቮልት ነው። ሰክቼው ቢሆን ቦርዱን አቃጥዬ ነበር። አንድ በአንድ ፕላስተር ላይ እየጻፍን፣ ሽቦውን እየነቀልን በየቦታው መለስነው። ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቁልፏን ተጫንኩ። ሮዝ።

የሙሽራው ወንድም በሁለቱ ቀን አምስት ጊዜ ደውሎ «መብራት ጠፍቶብን ነው» ብዬዋለሁ። ወዲያው አመነኝ። ሁለቱን ቀን ግን መብራት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልሄደም ነበር።

የቀሩትን 120 ካርዶች በ10 ሚሊአምፔር፣ በአንድ ዙር ቆረጥናቸው። ልጅቷን ይቅርታ ስላት «ድምፁን እኔም ሰምቼው ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጣኛለህ ብዬ።»

ዝም አልኩ።

ጋሼ ብር አልቀበልም አሉ። ታፔላ ግን የለኝም አሉ፤ ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ታፔላ። በተራፊ አክሪሊክ ልሠራላቸው ምን ልጻፍ ስላቸው አሰቡና «ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮና ሌዘር ይጠገናል በል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሌዘር እኮ አንድ ነው የሠሩት።»

«ታዲያ አልሠራም?»

ቆርጬዋለሁ። የ«ዥ» ቀንዷ ቀጭን ስለሆነ ሁለቴ ተሰብራብኝ ሦስተኛው ላይ ተሳካ። ጠረጴዛው ላይ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አለ፣ ጠዋት አወርድላቸዋለሁ።