የጾም ፓስታ

አዲስ አበባ ውስጥ ከቆዩት የጣሊያን ምግብ ቤቶች በአንዱ አስተናጋጅ ነበርኩ። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ልጅ እናቱን፣ አባት ቤተሰቡን ይዞ እራት የሚጋብዝበት ቤት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል ብሎ የሚያስብ አለ፤ እኛ ጋ ግን “ፓስታ በስጎ፣ የጾም” የሚለው ትእዛዝ ይበረክታል እንጂ ወንበር ባዶ አይውልም።

አንድ ዓርብ ምሽት አንዲት እናት ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ያስታውቃል። የታዘዛቸው በቅርቡ የተቀጠረ ልጅ ነበር።

“የጾም ምን አላችሁ ልጄ?”

“የቤታችን ፌቱቺኒ በቲማቲም ስጎ አለ እማማ። ሥጋም፣ ቅቤም፣ ፎርማጆም የለውም።”

ያለው ሁሉ እውነት ነው። ግን የቤታችን ፌቱቺኒ የሚቦካው በእንቁላል ነው፤ ይህን ደግሞ ለልጁ የነገረው አልነበረም።

ብዙ ሰው አያውቀውም። በፓኬት የሚሸጠው ደረቅ ፓስታ በአብዛኛው ከስንዴና ከውሃ ብቻ ስለሚሠራ ለጾም ይሆናል። በቤት የሚዳመጠው ፌቱቺኒ፣ ታሊያቴሌና የላዛኛ ቅጠል ግን በተለመደው አሠራር ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል ይገባበታል። ያ የሚያምር ቢጫ መልኩ ከአስኳሉ ነው የሚመጣው። ስጎው የጾም ስለሆነ ሳህኑ የጾም አይሆንም።

ካፖአችን፣ ማለትም የአስተናጋጆች አለቃችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሳህኑን ያዩት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እናትየዋ አማትበው ሹካ አንስተዋል። ጋሼ ደረሱና “እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ይሄ ፓስታ እንቁላል አለበት” ብለው ሳህኑን አነሱት። “ቀዝቅዟል፣ ላሙቀው” ብለው ወስደው በሌላ መቀየር ይችሉ ነበር፤ ማንም አያውቅም። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለውን ማሳበቢያ እጠላለሁ።

ልጃቸው ተቆጣ። “ቢበሉትስ ኖሮ?” አለ።

“ልክ ነዎት” አሉ ጋሼ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ወደ አዲሱ አስተናጋጅም አልጠቆሙም።

እናትየዋ ግን አልተቆጡም፤ መጠየቅ ጀመሩ። ዳቦውስ? ሾርባውስ? ጋሼ በግምት ከመመለስ ብለው ወጥ ቤት ገብተው ምግብ አብሳይዋን ራሷን ጠሯት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ዳቦው ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨውና ዘይት ነው። ሚኒስትሮኔው አትክልት ብቻ ይመስላል እንጂ ሽንኩርቱ የሚቁላላው በቅቤ ነው። ፔስቶ የሚባለው ስጎ ውስጥ ከበሶብላው ጋር ፎርማጆ ይፈጫል። ኞኪው ድንች ቢሆንም እንዲይዝ እንቁላል ይገባበታል። በመጨረሻ እናትየዋ ስፓጌቲ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት መረጡ፤ በሌላ ድስት፣ በአዲስ ውሃ ተቀቅሎ ቀረበላቸው።

የዚያን ሌሊት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ የጾም ሜኑውን ይዘን ወጥ ቤት ተቀመጥን። አብሳይዋ የእያንዳንዱን ምግብ አሠራር ስትናገር እኛ እንሰርዛለን። ፔስቶና ኞኪ ወጡ። ሚኒስትሮኔው ከነገው ጀምሮ በዘይት እንዲሠራ ተባለ። ለጾም ብቻ የሚሆን መጥበሻና ድስት ተለየ፤ ማዘዣው ላይም “ጾም” የሚለው በቀይ እንዲጻፍ ተስማማን። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ አዲሱን ልጅ ከአብሳይዋ ጋር አቆሙት፤ እንቁላሉን በእጁ እየሰበረ ፌቱቺኒውን ራሱ አቦካ። ከስድብ ይልቅ ይሄ እንደሚያስተምር ያየሁት ያኔ ነው።

ዓሣው ላይ ግን ተከራከርን። በሁዳዴ የሚበላው አለ፣ አጥብቆ የሚከለክለውም አለ። ጋሼ ከጾም ዝርዝሩ አውጥተው ለብቻው በአንድ መስመር አስጻፉት። የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ በምን እንደተጠበሰ እንነግረዋለን፤ መብላት አለመብላቱን የሚወስነው እሱ ነው።