የጥገና ዕቃ ማደሪያው ብስክሌቱ ላይ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ጢስ ዓባይ ደርሼ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ የኋላ ጎማዬን የግራር እሾህ ወግቶት ተነፈሰ። ትርፍ ካላማዳሪያ (ጎማው ውስጥ ገብቶ የሚነፋው ቀጭን ላስቲክ)፣ የጎማ ማላቀቂያ፣ ልጣፍ፣ ማስቲሽና ፓምፕ ነበረኝ። ነገር ግን ሁሉም ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ በተሰቀለው ቦርሳ ውስጥ ነበሩ፤ ያን ቀን ጠዋት ብዙ ውኃ ለመያዝ ብዬ ሌላ ቦርሳ አንግቼ ወጥቼ ነበር። ከከተማው እስከ ፏፏቴው ያለው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ እሾሁ የወጋኝ ገና ሩብ ያህሉን እንደተመለስኩ ስለነበር፣ አንድ የጭነት መኪና እስኪያሳፍረኝ ድረስ ብስክሌቴን እየገፋሁ ከሁለት ሰዓት በላይ በፀሐይ ተጓዝኩ።

በዚያ ጉዞ መካከል በሬዎቻቸውን ከእርሻ የሚመልሱ አንድ አዛውንት ገበሬ አገኘሁና ጥቂት አብረን ሄድን። ለምን እንደምገፋው ጠየቁኝ፤ መሣሪያው ቤት መቅረቱን ነገርኳቸው። «አይ ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኛ እኮ ትርፍ ጠፍር ከሞፈሩ ጋር አስረን ነው እርሻ የምንወርደው። ቤት የቀረ ጠፍር መሐል እርሻ ላይ ምን ያደርግልሃል?» ሞፈራቸውን አየሁት፤ እውነትም ተጠቅልሎ የታሰረ ጠፍር ነበረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ብስክሌት መሣሪያ የማስበው ምን ልግዛ ብዬ ሳይሆን የገዛሁት የት ይደር ብዬ ነው።

ይህ ጥያቄ ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ሰው የማይጨነቅበት መሆኑን እረዳለሁ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ተማሪው፣ አናጺው፣ የመንግሥት ሠራተኛውም በብስክሌት ይመላለሳል፤ በየመንገዱ ዳርም ከዛፍ ጥላ ሥር አንድ ሣፋ ውኃ፣ አንድ ረጅም ፓምፕና አንድ የብረት ሣጥን ይዘው የሚሠሩ ጠጋኞች አሉ። ጎማው የተነፈሰበት ሰው ጥቂት ገፍቶ ከአንዱ ይደርሳል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ተጠግኖለት ይሄዳል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ገጠሩ ለሚወጣ፣ ወይም በሐይቁ ዳር ዳር ወደ ዘጌ ለሚያቀና ሰው፣ ያ ሣጥን ከኋላው ይቀራል። በተራራ ብስክሌት የሚጋልብ ሰው ደግሞ አስፋልቱ ካለቀበት በኋላ ያለውን መንገድ ፈልጎ የሚወጣ ስለሆነ፣ የጠጋኙን ሣጥን አሳንሶ ራሱ መያዝ ይኖርበታል።

በመጀመሪያ የያዝኩት በጀርባዬ ነበር። የጀርባ ቦርሳ ጥቅም አለው፤ መሣሪያው ከጭቃ ይርቃል፣ ከብስክሌቱ መንቀጥቀጥም ይድናል። ነገር ግን ቦርሳ ይቀየራል፣ ይራገፋል፣ ይታጠባል፤ የእኔም መሣሪያ በዚሁ ምክንያት ቤት ቀረ። ከዚህ የከበደ ሌላ ምክንያትም አለኝ። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በታች ባለው ጠጠራማ ቁልቁለት፣ የፊት ጎማዬ ተንሸራቶ በጀርባዬ ወደቅሁ፤ ቦርሳው ውስጥ የነበረው የብረት ቁልፍም ከአከርካሪዬ አጠገብ ገባብኝ። አጥንት አልተሰበረም፤ ሕመሙ ግን ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ ብረት በጀርባዬ አልያዝኩም፤ ማንም እንዲይዝ አልመክርም። በጀርባ የሚያዝ ነገር ቢኖር ለስላሳው ብቻ ይሁን፦ ልብስ፣ ምግብ፣ የውኃ ከረጢት።

ቀጥሎ የሞከርኩት ከኮርቻ ሥር የምትንጠለጠለዋን ትንሽ ቦርሳ ነው። ለአስፋልት ጋላቢ ይህች ቦርሳ መልካም ናት፤ በበጋ ለእኔም መልካም ነበረች። ክረምቱ ሲገባ ግን የኋላ ጎማው የሚረጨው ቀይ ጭቃ በቀጥታ የሚያርፈው እርሷ ላይ ስለሆነ፣ ዚፑ በጭቃ ተሞልቶ ሲደርቅ አልከፈት ይላል፤ ውስጥ የገባው እርጥበትም መውጫ ስለሚያጣ ቁልፎቹ ይዝጋሉ። ኮርቻው በአዝራር ከፍና ዝቅ የሚልበት ዘመናዊ ብስክሌት ላይ ደግሞ ኮርቻው ሲወርድ ቦርሳዋ ከጎማው ጋር ትነካካለች።

የኮርቻ ቦርሳን ያስተወኝ ግን ጭቃው ሳይሆን በዘጌ የደረሰብኝ ነው። ዘጌ በቡና ደን የተሸፈነች ልሳነ ምድር ናት፤ በዛፎቹ ሥር ያለው የእግር መንገድ በቅጠል የተሸፈነ፣ ሥር የበዛበት፣ ለተራራ ብስክሌት የተመቸ ነው። ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ስመለስ ጎማዬ ተነፈሰ፤ ያን ጊዜ ትርፍ ካላማዳሪያ ይዤ ስለነበር አልደነገጥኩም፤ አውጥቼ ቀየርኩና መንፋት ጀመርኩ። አየሩ አልቆይ አለ። ካላማዳሪያውን መልሼ አውጥቼ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ፤ ጣና ውስጥ ሳጠልቀው ከሁለት ቦታ አረፋ ወጣ። አዲስ ነበር፤ አንድም ቀን ጎማ ውስጥ አልገባም። ቦርሳዋ ውስጥ ከቁልፎቹ ጋር ለወራት ተጠጋግቶ ሲንቀጠቀጥ የቁልፉ ጠርዝ ፍቆ ፍቆ በስቶታል። እዚያው በሐይቁ ዳር አድርቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ማስቲሽ ቀብቼ፣ ማስቲሹ እጅ እስከማይዝ ድረስ ጠብቄ ሁለት ልጣፍ ለጠፍኩበትና ማታ ከተማ ገባሁ። ጎማ ከብረት ጋር ሳይሸፈን አብሮ እንደማያድር የተማርኩት በዚያ ቀን ነው።

አሁን የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው። ብዙ የተራራ ብስክሌቶች በቴላዮው፣ ማለትም ጎማዎቹና ኮርቻው በሚያያዙበት የብስክሌቱ አካል፣ ታችኛው ቱቦ ላይ የውኃ ጠርሙስ መያዣ የሚታሰርባቸው ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች አሏቸው። በዚያ መያዣ ላይ ውኃ ሳይሆን አፉ ሰፊ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጫለሁ፤ መሣሪያው በሙሉ የሚያድረው እዚያ ውስጥ ነው። ቦታው በሁለቱ ጎማዎች መካከልና ዝቅ ያለ ስለሆነ ክብደቱ ብስክሌቱን አያወላግድም፤ ከኋላ ጎማ ጭቃ የራቀ ነው፤ የፊት ጎማው የሚረጨውንም የቱቦው ጀርባ ይቀበልለታል። ጠርሙሱ ክዳኑ በጥርስ የሚዘጋ ስለሆነ ዝናብ አይገባበትም። ውኃዬን በጀርባ ከረጢት እይዛለሁ፤ ብወድቅበትም ውኃ አጥንት አይጎዳም።

አደራረጉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሥር የሚገባው ካላማዳሪያው ነው፤ አየሩ በደንብ ወጥቶለት፣ ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሎ፣ ቫልቮላው (አየር የሚገባበት አፉ) ወደ ውስጥ ዞሮ በቀጭን ፌስታል ይሸፈናል። ቁልፎቹ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ይገባሉ፤ ካልሲው የብረቱን ኳኳታ ያጠፋል፣ ጎማውንም ይጠብቃል፣ በጭቃ ቀን ደግሞ እንደ ጓንት ሆኖ ካቴናውን፣ ማለትም ፔዳሉን ከኋላ ጎማ ጋር የሚያገናኘውን ሰንሰለት፣ ለመንካት ያገለግላል። ከላይ፣ ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ እጅ በሚገባበት ቦታ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማላቀቂያዎች ይቆማሉ። ሰው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚጠግን አስቦ በዚያው ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ቢደረድር፣ ጭቃ ላይ ዕቃ ዘርግፎ ከመፈለግ ይድናል። ትንንሽ ብሎኖች በሣር ውስጥ ሲጠፉ አይቻለሁና ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

ቁልፎቹ ብዙ መሆን የለባቸውም። ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ ብዙዎቻችን ኤለንኪ የምንለው፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ካለ መሪውን፣ ኮርቻውንና የፍሬኑን አብዛኛውን ብሎን ያጠብቃል፤ የዲስክ ፍሬን ላለው ደግሞ ባለ ኮከብ ጫፍ ቁጥር 25 ያስፈልገዋል። ጎማቸው በዳዶ የሚታሰር ብስክሌቶች የ15 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈልጋሉ፤ ያ ቁልፍ ከሌለ የኋላውን ጎማ ማውጣት አይቻልም፤ ካልወጣ ደግሞ ትርፍ ካላማዳሪያው አያገለግልም። ከመውጣታችሁ በፊት የራሳችሁን ብስክሌት ብሎን በብሎን እየዞራችሁ የትኛው ቁልፍ እንደሚገባው ሞክሩ፤ የማይገባ ቁልፍ ይዞ መዞር ትርፍ ክብደት ነው። ለካቴና አንድ መፍቻና አንድ ማያያዣ እይዛለሁ፤ ማያያዣው ከካቴናው የማርሽ ብዛት ጋር መስማማት አለበት፣ ለባለ 8 ማርሽ የተሠራው ለባለ 11 አይሆንም። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልበት ትንሽ የአልሙኒየም ቁራጭም ትርፍ አለኝ፤ ቴላዮው እንዳይጎዳ እርሱ ቀድሞ እንዲታጠፍ ወይም እንዲሰበር ሆኖ የተሠራ ነው።

ማስቲሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦው አንዴ ከተከፈተ በኋላ ክዳኑ ቢዘጋም ውስጡ ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ስለዚህ በብስክሌቱ ላይ የሚያድረው ያልተከፈተው መሆን አለበት፣ የተከፈተው ቤት ይቅር። በክረምት ደግሞ ልጣፍ በእርጥብ ጎማ ላይ ስለማይይዝ ዋናው ተስፋ ትርፉ ካላማዳሪያ ነው፤ ልጣፉ ለሁለተኛው እሾህ ነው።

ብዙ ያስቸገረኝ ፓምፑ ነው። ጠርሙስ ውስጥ አይገባም። በአምራቹ በተሰጠው የፕላስቲክ ማሰሪያ ከጠርሙሱ መያዣ ጎን አሰርኩት፤ በጠጠር መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቆ ተመልሼ ለቀምኩት። አሁን ከአሮጌ ካላማዳሪያ በቆረጥኳቸው ሁለት ሰፋፊ ቀለበቶች በቴላዮው ላይ ጠብቆ ታስሯል፤ ላስቲኩ ቱቦውን ስለሚጨብጥ አይንሸራተትም፣ አይንኳኳምም፤ አፉንም ከአቧራ ለመከላከል በቀጭን ላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። በትንሽ ጣሳ የታመቀ ጋዝ የሚጠቀሙ ጋላቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጣሳው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ግን በእኛ የእሾህ መንገድ ላይ የእጅ ፓምፕን እመርጣለሁ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ምት ወደ ጎማው የሚገባው አየርም በዚያው መጠን ያነሰ ነው። በትንሿ ፓምፔ አንድ ጎማ ለመሙላት ከ200 ምት በላይ እመታለሁ፤ እጅግ አጭር ፓምፕ መግዛት ለሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል። ቫልቮላው ወፍራም፣ እንደ መኪናና እንደ ባጃጅ ያለ ከሆነ በየከተማው ያለ ጎሚስታ ይነፋዋል፤ ቀጭኑ ቫልቮላ ያለው ሰው ግን አንዲት ትንሽ የነሐስ መቀየሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ትኑረው።

አሁን አሁን አምራቾቹ ራሳቸው ለዚህ ቦታ እያበጁ ነው። ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2016 ሞዴሉ ስታምፕጃምፐር ላይ በታችኛው ቱቦ በር አውጥቶ ውስጡን የዕቃ ማስቀመጫ አደረገው፤ ሌሎችም ተከተሉት። በመሪው ግንድ ቱቦ ውስጥ ቁልፍ የሚደብቁም አሉ። ሐሳቡ የገበሬው ጠፍር ነውና ደስ ይለኛል፤ የእኔ ብስክሌት ግን አሮጌ፣ ባለ 26 ኢንች ጎማ ስለሆነ ጠርሙሱ ይበቃዋል።

የቀረኝ የሌባ ነገር ነበር። ከተማ ውስጥ ብስክሌቴን አስሬ ስገባ ጠርሙሱን ብተወው ይወሰዳል፤ ይዤው ብገባ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ረስቼው እወጣለሁ፤ ያኔ መሣሪያው እንደገና ቤት ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የብስክሌቴን ሰንሰለት መቆለፊያ ቁልፍ ከጠርሙሱ አንገት ጋር በጠንካራ ገመድ አሰርኩት። ጠርሙሱን ካልያዝኩ ብስክሌቴን ከምሰሶው መፍታት አልችልም፤ ከፈታሁ በኋላም እጄ ላይ ያለውን ጠርሙስ ማስቀመጫ ቦታው መያዣው ብቻ ነው። እንዲህ ካደረግሁ ሦስት ክረምት አልፏል፤ በየሁለት ወሩ ጠርሙሱን ገልብጬ ቁልፎቹን በዘይት ጨርቅ እወለውላለሁ፣ ካላማዳሪያውንም በሌላ በኩል አጥፌ እጠቀልለዋለሁ፤ በአንድ ቦታ ታጥፎ ከቆየ በዚያው መስመር ይሰነጠቃልና።