የድሮ ወታደር ሸራ መለየት፦ ከማህተሙ በፊት ስፌቱን

ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ገበያ ላይ የድሮ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ወታደር ዝናር፣ የጀርባ ሻንጣ ወይም የኮዳ ማንገቻ ሲወጣ ሻጩ ቀድሞ የሚያሳየው ማህተሙን ነው። በማስመሰል ሥራ ግን ከማህተም የሚቀል የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል፤ መጀመሪያ ክር፣ ከዚያ ብረት፣ ማህተም መጨረሻ።

ከውስጥ ስፌት ተፈትቶ የተንጠለጠለ ክር ካለ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆርጦ በወረንጦ ይዞ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይኮማተርና ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ፖሊስተር ገበያ ላይ የዋለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ በፈረንጅ የ1941 ዕቃ ዋና ስፌት ላይ ምንም ሥራ የለውም። «ዋና» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ዘንድ የተቀደደ ዕቃ አይጣልም፤ በጠፍር ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ክር የተጠገነ ማንገቻ ኦሪጅናልነቱን አያጣም። ጥገና አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቅጂ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክር ነው።

ክር መቁረጥ ካልተቻለ ሱቆች ብር የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ ማብራት ይቻላል። አዲስ ክር ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ያበራል፣ የድሮ ጥጥ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በኦሞ የታጠበ ኦሪጅናልም ያበራል። የታጠበ ከሆነ ግን ጨርቁም ክሩም አብረው ነው የሚያበሩት። ክሩ ብቻ ካበራ ስፌቱ አዲስ ነው። (ገዝታችሁ እናንተም እንዳታጥቡት፤ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል።)

የእንግሊዝ የ1937 (በፈረንጅ) ሞዴል ቀበቶ ስፋቱ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ዘለበቱ ናስ ነው። ማግኔት ከሳበው ናስ ሳይሆን ብረት ነው፤ ተጠራጠሩት። አሜሪካኖች ግን በጦርነቱ ጊዜ ናስ ለመቆጠብ ብረትም ስለተጠቀሙ በእነሱ ዕቃ ላይ ማግኔት ብቻውን አይፈርድም። የተሻለው ምስክር እድፉ ነው። ናስ ዘመን ሲቆጥር አረንጓዴው ጥጡ ውስጥ ይሰርጋል፣ ብረት ደግሞ ቡናማ ይተዋል። ዘለበቱ አርጅቶ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ንጹህ ከሆነ አንዱ ከሌላው ጋር አልኖረም። ቀለሙም እንደዚሁ ነው፤ ፀሐይ ያነጣው ሸራ ክዳኑ ሥር ጠቆር ብሎ ይገኛል፣ በሻይ የተነከረ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ማህተሙ። በሞባይል ካሜራ አቅርባችሁ፣ ብርሃኑን ከጎን አድርጋችሁ እዩት። ሸራ ሲያልቅ ወጣ ወጣ ያለው ክር ቀድሞ ይፋቃል፣ ቀለሙም አብሮት ይሄዳል። በተፋቀው ክር አናት ላይ ቀለም ካለ ማህተሙ የተመታው ሸራው ካረጀ በኋላ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ምልክት እንደ ዶሮ እግር ያለች ቀስት ናት፤ በ‹ሲ› ፊደል ከተከበበች ካናዳ፣ በ‹ዩ› ውስጥ ካለች ደቡብ አፍሪካ።

ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው። 1941 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ «የ1941 ዓ.ም. ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ በእኛ 1933 ወይም 1934 ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ የገቡት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 20 ቀን 1941) ሲሆን የጌዴዎን ጦር (በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራው የዘመቻው ጦር) የጎጃም ዘመቻም በዚያው ዓመት ከክረምቱ በፊት አልቋል። ስለዚህ 1942 የሚል ዝናር እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ «ከጌዴዎን ጦር የቀረ» ግን አይሆንም። ዋጋው የዝናር እንጂ የታሪክ አይሁን።

የአሜሪካ ዕቃ ላይ የዕቃ መለያ ቁጥሩን አሃዝ ቁጠሩ። 11 አሃዝ የድሮው ነው፤ 13 አሃዝ የመጣው በ1974 (በእኛ 1967 ገደማ) ነው። የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የገባው በ1951 (በእኛ 1943) ስለሆነ፣ «የኮሪያ ዘማች ሻንጣ» ተብሎ 13 ከተቆጠረበት ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።