የኮምቦልቻው ሳጥን ብቻ ይቆጠር ያልኩ ቀን

የተሸነፍኩት በ9 ድምፅ ነው። ደሴ ላይ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ያቋቋምነው የቁጠባና ብድር ማኅበር አለን። ለሊቀመንበርነት ሁለት ሆነን ተወዳደርን። አባላቱ ተበታትነው ስለሚኖሩ ድምፅ የተሰጠው በሦስት ሳጥን ነበር፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ። ማታ ሲደመር እሱ 318፣ እኔ 309።

ሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝ። ስለ ምርጫ ለስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። ያን ማታ ግን ያስተማርኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ቃለ ጉባኤው ገና ሳይፈረም ስልክ አንስቼ ለጓደኞቼ «ተሰርቄያለሁ» አልኳቸው። ማስረጃ አልነበረኝም። ኮምቦልቻ ላይ በሰፊው መሸነፌ ነው ያንገበገበኝ። በነጋታው ወሬው ፒያሳ ደርሶ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ያነሳሁት ጥያቄ ሁሉ፣ ትክክለኛውም ጭምር፣ ኩርፊያ ሆኖ ነው የተሰማው።

ደንባችን ለአቤቱታ 5 ቀን ይሰጣል። አራቱን በስልክ ጨረስኳቸው። በመጨረሻው ቀን አንድ ገጽ ጻፍኩ። ስለ ማጭበርበር ብዙ ይላል። የትኛው ሳጥን፣ ስንት ወረቀት፣ ማን አየው የሚል ግን አንድ መስመር የለውም። ጥያቄው የኮምቦልቻው ሳጥን ብቻ እንደገና ይቆጠር የሚል ነበር።

ከአስመራጮቹ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ ሐጂ ናቸው፣ ወረቀቱን አንብበው ቀና አሉ። «መምህር፣ የደሴውንና የሐይቁን ለምን ፈራኸው?» አሉኝ። «እነሱን አልጠረጠርኩም» አልኳቸው። እውነቱ ሌላ ነው። ሐይቅ ላይ አሸንፌያለሁ። ያሸነፍኩበትን ሳጥን ለምን አስነካለሁ ብዬ ነው። እሳቸው ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ወረቀቱ አንድ በአንድ ተቆጠረ። 2 ድምፅ ጨመርኩ፤ ልዩነቱ 7 ሆነ። እዚያ ደግሞ የባሰ ጥፋት አጠፋሁ። ለእኔ የተሰጠ ወረቀት ላይ ምልክቱ ከቦታው ወጣ ካለ «ሰውየው የፈለገው ግልጽ ነው» እላለሁ። ለእሱ ሲሆን «ይሄ ዋጋ የለውም» እላለሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አልኩ። የራሴ ታዛቢ እንኳ አንገቱን ደፋ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሐይቁ ታዛቢዬ መጣ። «ጋሼ፣ እኛ ጋ እኮ 14 ወረቀት ወድቋል» አለኝ። ራይት በማድረግ ፈንታ ኤክስ ስለተደረገባቸው ነው። ኮምቦልቻ ላይ ግን ኤክስ ያለበት ሁሉ ተቆጥሯል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ወደ ኮሚቴው ሮጥኩ። የአቤቱታው ጊዜ አልፎ፣ ወረቀቶቹም ተወግደው ነበር። ልዩነታችን 7፣ ሳይታዩ የቀሩት 14። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ፍሎሪዳ ግዛት ላይ የሆነውን አውቀው ነበር። ያን ሰሞን እንደገና ሳነበው ግን ሌላ ሆነብኝ። ዕጩው አል ጎር በምርጫው ሌሊት ለተወዳዳሪው ለቡሽ ደውሎ ሽንፈቱን ተቀበለ፤ ልዩነቱ ሲጠብ እንደገና ደውሎ ቃሉን መለሰ። ድምፁ በእጅ ይቆጠር ብሎ የጠየቀው ከ67ቱ አውራጃዎች በ4ቱ ብቻ ነው፤ በቮሉሺያ፣ በፓልም ቢች፣ በብሮዋርድና በማያሚ ዴድ። አራቱም ለእሱ ያደሉ ነበሩ። የግዛቲቱ ፍርድ ቤት በመላው ፍሎሪዳ ይታይ ያለው ዲሴምበር 8 ነው። በማግስቱ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስቆመው። በ12 ደግሞ ወረቀቱ የሚዳኘው በየቦታው በተለያየ መለኪያ ነው፣ ጊዜውም አልቋል ብሎ ዘጋው። ልዩነቱ 537 ድምፅ ሆኖ ቀረ። በዓመቱ ጋዜጦች ተባብረው ያስጠኑት ጥናት ወጣ። እሱ የጠየቃቸው 4 አውራጃዎች ብቻ ቢቆጠሩ ያው ይሸነፍ ነበር። በመላው ግዛት የወደቀው ወረቀት ሁሉ ቢታይ ግን በጥቂት ድምፅ ሊያሸንፍ ይችል ነበር። ይህን ሳነብ የሐጂ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ።

ጎር ዲሴምበር 13 ወጥቶ በክብር ተሸነፍኩ አለ። እኔ 4 ወር ፈጀሁ። በመሃል የተወዳዳሪዬ እናት አረፉ። ለቅሶ አልደረስኩም። ወሎ ውስጥ ሙስሊም ለክርስቲያን፣ ክርስቲያን ለሙስሊም ድንኳን ይተክላል። እኔ በ7 ድምፅ ቀረሁ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ የማፍረው በዚህ ነው።

በኋላ ሐጂን ይዤ ተወዳዳሪዬ ቤት ሄድኩ። ስለ ምርጫው ምንም አላነሳም። «መምህር፣ ግባ እንጂ፤ ቡናው ሊወርድ ነው» አለኝ። ሁለተኛው ላይ ነው ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ የተፈታልኝ።

አሁን የማኅበሩን ደንብ አብረን እያሻሻልን ነው። አቤቱታ ከመጣ ሦስቱም ሳጥኖች ይቆጠራሉ። ወረቀቶቹ አቤቱታው ሳይዘጋ አይወገዱም። በሀገር አቀፉ ምርጫ በየጣቢያው እንደሚደረገው፣ ውጤቱ እዚያው በር ላይ ይለጠፋል። የትኛው ምልክት እንደሚያዝ ደግሞ ሳጥን ሳይከፈት በፊት ለሦስቱም ቦታ አንድ ሆኖ ይወሰናል። ረቂቁን በእጁ የሚጽፈው እሱ ነው። ስለ ኤክስ የሚናገረውን መስመር ከሁሉ በፊት እንዲያስቀምጥልኝ ለመንኩት፤ አስቀመጠልኝ።