መሸኛ ሳይወጣ የመራጭ ካርድ አይታሰብ

ከመሃል ከተማ ለቀን ወደ ቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከገባን ወዲህ፣ በእድር ስብሰባም ሆነ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ጎረቤቶቼ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ የመራጭነት ምዝገባ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት በ2013 ዓ.ም. አራዳ ላይ የወሰዱትን ካርድ አውጥተው እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ይህንን ወደዚህ የሚያዛውርልኝ ማን ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። በእውነቱ የሚዛወር ካርድ የለም። በ2013ቱ ስድስተኛ ጠቅላላ ምርጫ በመላ አገሪቱ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው የተመዘገበው እንደ አዲስ ነበር፤ ያ ካርድም ያገለገለው ለዚያ ምርጫ ብቻ ነው። ስለዚህ መኖሪያውን የቀየረ ሰው ሊያስተካክለው የሚገባው የምርጫ መዝገቡን ሳይሆን፣ ከምዝገባው ቀድሞ የሚመጣውን የነዋሪነት መረጃውን ነው።

ምክንያቱም በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት በመራጭነት ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆንና 18 ዓመት መሙላት ብቻውን አይበቃም፤ በሚመዘገቡበት የምርጫ ክልል ውስጥ ቢያንስ ለስድስት ወራት መኖርም ያስፈልጋል። የምርጫ ቦርድ የጊዜ ሰሌዳውን ይፋ እስኪያደርግ ጠብቆ መታወቂያውን ለመቀየር የሚሯሯጥ ሰው፣ እዚህ መኖር ከጀመረ ዓመት ቢያልፈውም፣ መዝጋቢው ፊት የሚያቀርበው ማስረጃ የትናንት ቀን ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ዋናው ድካም መሸኛው፣ ማለትም ከወረዳው መልቀቃችንን የሚገልጸው ደብዳቤ ላይ ነው። ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ሳይወጣ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ አይሰጥም፤ መሸኛው ደግሞ የሚጻፈው ማህደሩ ከመዝገብ ቤት ሲገኝ ነው። በእኛ ቤት ጉዳይ ማህደሩ ቢገኝም፣ ከዓመታት በፊት በእጅ በተሞላው ቅጽ ላይ የእናቴ ስም በ«ፀ»፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ደግሞ በ«ጸ» ተጽፎ ስለተገኘ፣ ሠራተኛዋ ደብዳቤውን ከማተሟ በፊት ስሙ እንዲስተካከል ወደ ሌላ መስኮት መራችን። በዚያ ቀን ተናድጄ ነበር፤ ሆኖም ልዩነቱ ያኔ ባይታረም ኖሮ በአዲሱ መታወቂያ ላይም ተከትሎን ይመጣ ነበር። መሸኛ የሚያወጣ ሰው የሁሉም የቤተሰብ አባላት ስም መካተቱን፣ አጻጻፉም ከልደት የምስክር ወረቀትና ከፓስፖርት ጋር መግጠሙን እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሞ ቢያነብ ይሻለዋል። በተለይ 18 ዓመት የሞላቸው ልጆች በቤተሰቡ ማህደር ውስጥ ተረስተው መቅረታቸው በእኛ ሰፈር የተለመደ ነው።

ለተከራዮች ነገሩ ይከብዳል። አከራዩ «ነገ መብት ይጠይቁብኛል» በሚል ስጋት በቤቱ ቁጥር እንዲመዘገቡ አይፈቅድላቸውም፤ እነሱም መታወቂያቸውን ለዓመታት በቀድሞ ሰፈራቸው ያቆዩታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ስለሚያስገድድ፣ የተመዘገበ ውል በእጁ ያለ ተከራይ በአድራሻው ጉዳይ የአከራዩን በጎ ፈቃድ ብቻ ከመለመን ይድናል ብዬ አምናለሁ።

በከተማዋ ዳር ለምንኖር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አስፋልት ተሻግሮ ቤት የተከራየ ሰው ሳያስበው ከአዲስ አበባ ወጥቶ በኦሮሚያ ክልል ሥር ወዳለው ሸገር ከተማ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ የሚመርጥ ሰው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና 138 መቀመጫ ላለው የከተማው ምክር ቤት ድምፅ ይሰጣል፤ ድንበሩን የተሻገረው ግን ከፌዴራሉ ምክር ቤት ቀጥሎ የሚመርጠው ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌ ኦሮሚያ ነው። በከተማዋ ውስጥም ቢሆን ክፍለ ከተማና የምርጫ ክልል አንድ አይደሉም፤ ክፍለ ከተሞቹ 11፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ክልሎች ግን 23 ናቸው። ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ሲመሠረት ከቤታቸው ሳይነቃነቁ ክፍለ ከተማቸው የተቀየረባቸው ሰዎች ይህንን በደንብ ያውቁታል። ስለዚህ ምዝገባው ሲጀመር «ወረዳህ የት ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህ ብሎክ የሚመዘገበው በየትኛው የምርጫ ጣቢያ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ፋይዳ ያለው ሰው ሁሉ ያለቀለት መስሎ ስለሚታየውም አንድ ነገር ልጨምር። የፋይዳ ቁጥር የውጭ ዜጋ ነዋሪም የሚያገኘው መለያ በመሆኑ በራሱ የዜግነት ማስረጃ አይደለም፤ ቁጥሩን መያዝም በመራጭነት መመዝገብ ማለት አይደለም።

ምዝገባው ከተፈጸመ በኋላ ድምፅ የሚሰጠው በተመዘገቡበት ጣቢያ ብቻ ነው፤ «ለማንኛውም» ብሎ በቀድሞውም በአዲሱም ሰፈር መመዝገብ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ እይታ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት ሄዶ ስምን መፈለግ፣ ከሌለ ወይም ከተሳሳተም እዚያው ጣቢያው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። ካርዳቸውን ላሳዩኝ እናትም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፤ ልጃቸው በዚህ ሳምንት መሸኛቸውን ሊያወጣላቸው ወደ አራዳ ይሄዳል።